ዜማን በወረቀት ማስቀረት፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔትና የእኛ ቆላ

የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ከጥንት ጀምሮ ጸሐፊ አግኝቷል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1540 እስከ 1559 ድረስ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት እንደ ሠሩለት ይነገራል። (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው።) የአዝማሪው፣ የእረኛውና የሚዜዎቹ ዘፈን ግን ይህን ዕድል ስላላገኘ፣ ብዙው ከዘፋኙ ጋር ወደ መቃብር ወርዷል።

ስለ አገራችን ሙዚቃ በአውሮፓ ቀድመው ከጻፉት አንዱ በእኛው ቆላ ያለፈ ሰው ነው። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጐንደር ገባ፤ በ1772 መጀመሪያም በመተማ አካባቢ ባለው በራስ አልፊል አገር በኩል ወደ ስናር ወረደ። ስለ ሙዚቃ መሣሪያዎቻችን የጻፈው ደብዳቤ በ1776 በለንደን፣ በቻርልስ በርኒ የሙዚቃ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ታተመ። ብሩስ የሚቈጥራቸው ስድስት ናቸው፤ ዋሽንት፣ መለከት፣ ነጋሪት፣ ከበሮ፣ ጸናጽልና ክራርን የመሰለው ባለ አውታር መሣሪያ። ማሲንቆ ግን የለበትም! ጐንደር ተቀምጦ ማሲንቆን መርሳት እንዴት ያለ ነገር ነው? የጐንደር ልጅ ቢጽፈው ኖሮ ከሁሉ አስቀድሞ እርሱን ባነሣ ነበር።

የአገሩ ልጅ ብዕር ያነሣው ዘግይቶ ነው። በ1950 በተቋቋመው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የሕዝብን ባሕልና ልማድ የሚያጠና ማኅበር አቋቁመው፣ ከ1953 ጀምሮ መጽሔት ያሳትሙ ጀመር። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ተማሪ የወላጆቹን አገር ልማድ ይጽፍበት ነበር። መጽሔቱ ለሙዚቃ ብቻ የተዘጋጀ አልነበረም፤ ነገር ግን ዘፈን የሌለው ሠርግ፣ ሙሾ የሌለው ልቅሶ በአገራችን ስለማይገኝ፣ ልማዱን የሚጽፍ ሁሉ ወደ ዜማው ደጃፍ መድረሱ አይቀርም። የሚያሳዝነው መጽሔቱ በእንግሊዝኛ መታተሙ ነው። ልማዱን ለልጇ የነገረች እናት የራሷን ቃል አንብባ ልታርመው አትችልም ነበር። እንዲህም ሆኖ ውለታው ትልቅ ነው፤ ቅጾቹ ከብዙ ዘመን በኋላ በ2002 እንደገና ታትመዋል።

ፊደል ግን ቃልን እንጂ ድምፅን አይዝም። ይህ ጉድለት በመጠኑ የተቃለለው በ1963 ነው። ዩኒቨርሲቲው በኪነ ጥበባት ማእከሉ ውስጥ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ፤ መሥራቹም ካይሮ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ ነበር። ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና ከበሮ በአንድ መድረክ ተሰለፉ። ኋላም ተስፋዬ ለማ መራው።

ከመተማ ሆኖ ለሚያዳምጥ ሰው ነገሩ ከዚህም ይሰፋል። የኦምዱርማን ራዲዮ በ1940 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሱዳን ዘፈን ድንበር የሚያግደው አልሆነም፤ የእነርሱም ዜማ እንደ እኛው በአምስት ድምፅ የሚሄድ ስለሆነ ጆሯችን አይቈጠቍጠውም። ወዲያ ማዶ ጠንቡር የሚሉት መሣሪያ ለክራራችን የቅርብ ዘመድ ነው። የጉሙዝ ሕዝብም የራሱ ዘፈንና ጭፈራ አለው። ሰሊጥ በሚደርስበት በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ አጫጆች ከደጋው ይወርዳሉ፤ የየአገራቸውንም ዘፈን ይዘው ይመጣሉ። አጨዳው ሲያልቅ ዘፈኑም አብሯቸው ይመለሳል፤ እስከዚያው ግን ለአንድ ደብተርና ለአንድ እርሳስ የሚበቃ ጊዜ አለ።