ከውርጭ የተረፈው ቁጥር 15

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1913 ደቡብ ካሊፎርኒያ ላይ ውርጭ ወረደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ብርቱካን የሀብቱ ምንጭ የሆነው አካባቢ በጥቂት ሌሊቶች ውስጥ ራቁቱን ቀረ። ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን፣ ተራራው ሥር አልታዴና በምትባል ቦታ ደግሞ ፍሬድሪክ ፖፔኖ የሚባል ሰው የችግኝ ጣቢያ ነበረው። ያን ጊዜ እዚያ አገር ብዙ ሰው ገና በቅጡ የማያውቀውን አቮካዶ ያባዛ ነበር። ጠዋት ላይ ችግኞቹ እሳት እንደለበለባቸው ሁሉ ጠቁረው ተገኙ። ቁጥር 15 የሚል ምልክት የተሰጣቸው ግን አረንጓዴ እንደሆኑ ቆመዋል።

ቁጥር 15 እዚያ የደረሰው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። በ1911 ፖፔኖ ካርል ሽሚት የተባለ ወጣት ሠራተኛውን ወደ ሜክሲኮ ላከው። የሽሚት ዘዴ ቀላል ነበር። ገበያ ይወጣል፣ ጥሩ አቮካዶ ሲያይ ይቀምሳል፣ «ይሄ ከማን ግቢ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ከዚያ ዛፉን ፍለጋ ይሄዳል። አትሊክስኮ በምትባል ከተማ አሌሃንድሮ ለ ብላን የሚባሉ ሰው ግቢ ውስጥ አንድ ዛፍ አገኘ፤ ቀንበጥ ቆርጦ ወደ አልታዴና ላከ።

ለምን ዘሩን አልላከም? የአቮካዶ ዘር ስለማይታመን። ጣፋጭ አቮካዶ በልታችሁ ፍሬውን ጓሮ ብትተክሉ፣ ከዓመታት ጥበቃ በኋላ የምታገኙት ሌላ ነገር ነው፤ ሊጥምም ላይጥምም ይችላል። ያንኑ ዛፍ የሚፈልግ ሰው ቀንበጡን ቆርጦ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ማጣበቅ አለበት። ስለዚህ አልታዴና ላይ ከውርጩ የተረፉት ችግኞች የለ ብላን ዛፍ ልጆች አልነበሩም፤ ራሱ ዛፉ ነበሩ ማለት ይቻላል።

«የሐሩር ክልል ፍሬ» ሲባል ብዙ የውጭ ጸሐፊዎች ሙቀትና ላብ ብቻ ነው የሚታያቸው። ለእኛ ይሄ ነገር አያደናግርም፤ ከቆላ ተነስተን በአንድ ቀን ደጋ እንገባለን፣ ሁለቱም ሐሩር ክልል ውስጥ ናቸው። አትሊክስኮም ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በእኛ አነጋገር ወይና ደጋ ናት። አቮካዶም ራሱ ሦስት ዓይነት ዘር አለው። የቆላው በትንሽ ውርጭ ይሞታል። የጓቲማላ ደጋው ቆዳው ወፍራም ሲሆን ብርድን በመጠኑ ይችላል። የሜክሲኮ ደጋው ከሁሉም ይበረታል፤ ቅጠሉን ብታሹት እንስላል እንስላል ይሸታል። ቁጥር 15 የሁለቱ ደገኞች ዲቃላ ነው፤ ሰው ሳይገባበት በተፈጥሮ የተዳቀለ። ዛፉ ካሊፎርኒያ ሲደርስ ብርድ አዲስ አልሆነበትም።

ከውርጩ በኋላ ይህ ዝርያ ፉዌርቴ ተባለ፤ በስፓኒሽ ብርቱ ማለት ነው። ዮርባ ሊንዳ የሚገኝ ጆን ዊደን የተባለ ገበሬ ሌላ ዓይነት ፈልጎ ሳለ ችግኞቹ በውርጭ ስላለቁ፣ በ1914 እያቅማማ 50 ፉዌርቴ ወሰደ። በኋላ ከፍሬው አልፎ ቀንበጡን እየቆረጠ ለሌሎች መሸጥ ጀመረ። ገበሬዎቹም ከዚያ ክረምት አንድ ነገር ተምረዋል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ በጠራ ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ጉድጓዳው ይወርዳል። አቮካዶ የሚፈልገው ተዳፋቱን ነው።

በ1920ዎቹ ሩዶልፍ ሃስ የሚባል ፖስተኛ ላ ሃብራ ሃይትስ ኮረብታ ላይ ትንሽ የአቮካዶ እርሻ ገዛ። ዘር አፈላ፤ ሐሳቡ ፉዌርቴን ሊያጣብቅበት ነበር። አንዱ ችግኝ ላይ ግን ቀንበጡ ደጋግሞ ቢሞከርም አልያዝ አለ። ተወት አደረጉት፣ በራሱ አደገ፣ ፍሬውን ልጆቹ ወደዱት። በ1935 ሃስ በስሙ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ዛሬ በዓለም ገበያ ያለው አቮካዶ አብዛኛው ከዚያ ዛፍ የመጣ ነው፤ ሰውየው ግን ከመብቱ ያገኘው በድምሩ 5,000 ዶላር ገደማ ሲሆን ፖስታ ማደሉንም አልተወም። የፉዌርቴ ቆዳ ስስ ነው፣ አንድ ዓመት አፍርቶ ሌላውን ያርፋል። ሃስ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ መንገድ ይችላል። እስከ 1970ዎቹ ግን ገበያው የፉዌርቴ ነበር።

ሁለቱም ዝርያዎች ኢትዮጵያ ገብተዋል። አቮካዶ ራሱ ወደ አገራችን መጣ የሚባለው በ1938፣ በሂርና የግል አትክልተኞች እጅ ነው። ስፕሪስ በማንኪያ ስትበሉ ይሄ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ብርጭቆው ውስጥ አለ።

በዚያው በ1938 ከካሊፎርኒያ የአቮካዶ ገበሬዎች ተሰባስበው ወደ አትሊክስኮ ሄዱ። ለ ብላንን አመሰገኑ፣ ለእናት ዛፏ ክብር መታሰቢያ አቆሙ። ደግ ነው፤ ግን አንድ የሚያሳፍር ነገር ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የሜክሲኮ አቮካዶ አገሩ እንዳይገባ በ1914 ከልክሏል። ምክንያቱ የአቮካዶ ፍሬ የሚቦረቡር ነቀዝ ነው፤ ነቀዙ እውነት ነው፣ የተፈጠረ ሰበብ አይደለም። ሆኖም ክልከላው የካሊፎርኒያን ገበሬ ከጎረቤቱ ፉክክር መጠበቁም እውነት ነው። ቀንበጡ ከገባ ሦስት ዓመት ሳይሞላ በሩ ተዘጋ። እንግዶቹ መታሰቢያ ያቆሙለት ዛፍ ያፈራውን ይዘው ድንበር መሻገር አይችሉም ነበር።

በሩ ገርበብ ያለው በ1997 ነው፤ ያውም ለ19 ሰሜን ምሥራቃዊ ግዛቶች፣ በክረምት ወራት ብቻ። ካሊፎርኒያ የገባው በ2007 ነው። የተፈቀደውም ሚቾአካን ከሚባለው ግዛት ለሚመጣው ሲሆን፣ በ2022 ሃሊስኮ ተጨመረ። አትሊክስኮ ያለችው ፑዌብላ ውስጥ ነው።