የጎንደር ቃጠሎና ከእሳት የተረፈው ከተማ

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ አንድ አምላክ። ይህን የምንጽፈው የነገሥታትን ክብር ለመቁጠር አይደለም፤ እሱን የጻፉ ጸሐፍያነ ትእዛዝ ሞልተዋል። የምንጽፈው በ1880 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ ጎንደር ከነደደች በኋላ እንደገና ስለ ቆመችበት ምክንያትና ስለዚያም ስለሚገባው ምስጋና ነው። ነገሩን ከስሙ እንጀምር። በጥንቱ የዜና መዋዕል አነጋገር “ከተማ” ማለት የንጉሥ ሰፈር ነበር፤ መካከሉ ላይ የንጉሡ ድንኳን ይተከላል፣ ቤተ ክርስቲያኑም በድንኳን አብሮ ይጓዛል፣ ሹማምንቱ እንደ ማዕረጋቸው በቀኝና በግራ ይሰፍራሉ፤ ሲነሡም ሁሉም ተጠቅልሎ በበቅሎና በሰው ትከሻ ይጫናል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ ሸራው በድንጋይና በኖራ ተተካ፤ የሰፈሩ ጠባይ ግን አልተለወጠም። ታቦቱ ያው አንድ ካህን በራሱ ላይ የሚሸከመው ታቦት ነው። ዜማው ያው መሪጌታው በልቡ ይዞት የሚዞረው ዜማ ነው። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው፦ ጎንደር ከእሳት የተነሣችው የክርስቲያን ሰፈር ሆና ስለተወለደች፣ ከሀብቷም ዋነኛው በሰው ራስና በሰው ልብ ላይ የሚጫን ስለነበረ ነው።

እሳትን ያወቀችው በ1880 አልነበረም። በ1859 ዓ.ም. በገዛ ንጉሧ ትእዛዝ አንድ ጊዜ አልቅሳለች፤ የንጉሥን ነገር እግዚአብሔር ያውቃል። ያን ጊዜ መጻሕፍቷና ንዋየ ቅድሳቷ መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተብለው ተጋዙ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ምርኮውን በ15 ዝሆንና 200 ገደማ በሚሆኑ በቅሎዎች ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጠው፤ ከብራናዎቹም ከ300 የሚበልጡት እስከ ዛሬ ለንደን ናቸው። እንግዲህ ሁለተኛው እሳት የመጣው ቀድሞ በተራቆተች ከተማ ላይ ነው። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማ ወርደው ደርቡሾች የሚባሉትን የሱዳን መሐዲስቶች ድል አድርገው ነበር፤ በዚያም ጊዜ የመተማ ቤቶች ጢሰዋል። ዓመቱ ሲዞር፣ ጥር 10 ቀን 1880 ዓ.ም.፣ በከተራ ዕለት፣ የደርቡሾቹ የጦር አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ደምቢያ ላይ ሳር ውሃ ከተባለው ስፍራ ደረሰ፤ ለንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቀኑ አልቀናቸውም። ዐፄ ዮሐንስ በሰሜን በኩል የጣልያንን ጦር ይጠብቁ ነበርና ለጎንደር አልደረሱላትም።

አቡ አንጃ ጎንደር ገብቶ ያቃጠላት በዚያው ጥር ነው። ጥር በዚያ አገር ደረቅ ወር ነው። ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ አራት ወር ፀሐይ የመታው የሣር ክዳን እንደ ጭድ ይነዳል፤ ከሥሩ ያለው የጽድ ወራጅም ዘይት ስላለበት እሳቱን ተቀብሎ ያቆየዋል። ክብ የሆነ ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል ጣሪያው ወደ መካከል ይወድቃል፤ ስለዚህ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱ፣ መቅደሱ ከነመጋረጃቸው በአንድ ክምር ሥር ይሆናሉ፤ የድንጋዩ ግድግዳ ብቻ እንደ ባዶ እንስራ ቆሞ ይቀራል። ብራና እንደ ወረቀት ቶሎ አይነድም። ቆዳ ነውና በሙቀት ይኮማተራል፣ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ መስመሩ ወደ መስመሩ ይሳባል፤ በመጨረሻም እንደ ቀንድ ጠንክሮ የሚገልጠው አይገኝም። ከእንዲህ ያለው እሳት ያመለጠ ነገር ካለ እሳቱ ከመድረሱ በፊት ከበሩ የወጣ ብቻ ነው። ከበሩ ሊወጣ የሚችለውም በሁለት እጅ የሚያዝ፣ በራስ የሚጫን ወይም በልብ ያለ ነው። በዚህ ምክንያት አብያተ ክርስቲያናቱ ሲነዱ የነደደው ቤቱ እንጂ ሥርዓቱ አይደለም እንላለን። ብዙ ሰው ተገደለ፣ ብዙ ሰውም ተማርኮ ወደ ኦምዱርማን ተነዳ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

የአርባ አራቱ ታቦታት አገር ከምትባለው ከጎንደር አድባራት እሳት ሳይነካት ቀረች ተብላ በሁሉም አፍ የምትጠራው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ናት። አባቶች እንደሚተርኩት ደርቡሹ ወደ ቅጥሩ ሲጠጋ ንብ ከግቢው ተነሥቶ አባረረው። ይህን የማይቀበል ሰው “ቤተ ክርስቲያኒቱ ከከተማው ወጣ ብላ በኮረብታ ላይ ያለች፣ በረጅም የድንጋይ ቅጥር የታጠረች፣ ከጎረቤት የሣር ቤት የራቀች ስለሆነች ነው የዳነችው” ይል ይሆናል። ቅጥሩ አሁንም አለ፤ በ12ቱ ሐዋርያት ቁጥር 12 ማማ አለው፤ ከቤት ወደ ቤት የሚዘል እሳት ያን አልፎ አይደርስም፣ እውነት ነው። ነገር ግን ችቦ የያዘ ሰው ቅጥር አያግደውም፤ በር አለና። ሰውን ያገደው ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ የንቡ ወሬ መልስ አለው። አሮጌ ዛፍና የድንጋይ ስንጥቅ ባለበት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ንብ መስፈሩ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የተቆጣ ንብም ፈረስንና ፈረሰኛን እንዴት እንደሚበትን ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ንቡን በዚያ ያሰፈረ ማን እንደሆነ ለማመን ደግሞ የንብን ጠባይ መካድ አያስፈልግም። ይህች ደብር ቀድሞም እሳትን ቀምሳለች፦ ታላቁ ኢያሱ ያሠሯት የመጀመሪያዋ ክብ ሕንፃ በመብረቅ ጠፍታ ነበር፤ ዛሬ የምናያት ባለ አራት ማዕዘኗ ከዚያ በኋላ የተሠራች ናት። ወደ ጣሪያዋ ቀና ያለ ሰው በጣውላው ላይ በረድፍ የተሣሉትን የኪሩቤል ፊቶች ያያል፤ ክንፋቸው ከአገጫቸው ሥር ተዘርግቷል፣ ቅንድባቸው ወፍራም ነው፣ ዓይናቸው ትልልቅ ሆኖ ወደ ታች ያያል። ሁለት ጊዜ አተኩሮ ላየ አንዱ ፊት ከሌላው ጥቂት ይለያል። አርባ አራቱ ምን ይመስሉ እንደነበር ለመገመት የቀረን ዋነኛው መስኮት ይህ ጣሪያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃ እንምጣ። ከቃጠሎው በኋላ የመጣው ሰላም አልነበረም። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆሰሉ፣ በማግሥቱም ዐረፉ። በእነዚያው ዓመታት የከብት እልቂቱ ገብቶ ክፉ ቀን ሆነ። እርሻው በሬ ባጣበት ዘመን የጽድ ግንድ ጎትቶ ቤተ ክርስቲያን የሚሠራ ከየት ይመጣል? በግምጃ ቤት ብቻ የምትኖር ከተማ ብትሆን ኖሮ ያኔ ባበቃላት ነበር። ነገር ግን የጎንደር ትምህርት ግምጃ ቤት አልነበረውም። መምህር ኤስድሮስ ያደራጁት የታች ቤት ትርጓሜ፣ ከእርሱም በፊት የነበረው የላይ ቤት፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል የሚወርድ ነበር፤ አንድምታው በብዛት ታትሞ የወጣው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። ድጓውን የሚያጠናው ተማሪ በሌሊት፣ ያለ መብራት፣ መምህሩ ሲሉ እየሰማ ነው የሚቀጽለው። ቅኔውማ ዕለቱን ተዘርፎ ዕለቱን የሚሰማ ነው፤ እሳት የሚያገኘው ገጽ የለውም። ተማሪው ደግሞ የጎንደር ሰው ብቻ አልነበረም፤ ከጎጃም፣ ከትግራይ፣ ከላስታ፣ ከሸዋ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ የመጣ ነው፣ ሲጨርስም ወደየአገሩ ይመለሳል። ስለዚህ አቡ አንጃ ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ የጎንደር ግማሽዋ ጎንደር ውስጥ አልነበረችም። አቋቋም የተማረ ሁሉ “የት አስመሰከርህ?” ሲባል ጎንደር በዓታ ማለቱ ከቃጠሎው በኋላም አለመቅረቱ ለዚህ ምስክር ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ልንሸሸውም አይገባም። “የተነሣችው የቷ ጎንደር ናት?” ይባላል። አርባ አራቱ ሁሉ አልተሠሩም። መንግሥትም ወደ ጎንደር አልተመለሰም፤ ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ዘውድ ከጫኑ በኋላ የነገሥታቱ መቀመጫ ሸዋ ሆኖ ቀረ። በቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ዛሬም ጣሪያ የሌለው ፍርስራሽ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ልብ ሊይዘው የማይችለው ነገር መጥፋቱ ነው፦ በወንጌሉ ኅዳግ የተጻፈ የርስትና የጉልት ውል፣ የምስክሮች ስም፣ የግድግዳ ሥዕል፣ አንድ ቅጂ ብቻ የነበረው ታሪክ። ድጓን በቃሉ የያዘ መሪጌታ የአንዲትን ባልቴት የመሬት ድንበር በቃሉ አልያዘም። ይህ እውነት ነው፣ እኛም እንቀበለዋለን፤ በእሳቱ የተጎዳው ካህኑ ብቻ ሳይሆን ማስረጃው የጠፋበት ባለ ርስትም ጭምር ነው። ሆኖም ተቃውሞው የሚያስረዳው ምን ያህል እንደ ጠፋ ነው እንጂ የቀረው ለምን እንደ ቀረ አይደለም። የጠፋውና የቀረው በምን እንደሚለያዩ ልብ በሉ፦ በአንድ ቦታ በአንድ ቅጂ የተቀመጠው ጠፋ፤ በብዙ ሰው ልብ የተበተነው ቀረ። ይህም ክርክራችንን ያጸናዋል።

ሌላም የሚሉ አሉ፦ “ምስጋና መብዛቱ ጥያቄን ያፍናል፤ እግዚአብሔር ይመስገን እየተባለ የመጀመሪያውን እሳት ማን እንደ ለኮሰ፣ ከተማይቱንም ማን ሳይጠብቃት እንደ ቀረ አይነገርም።” ጸሐፍያነ ትእዛዝ በጌቶቻቸው ነገር ላይ እንዲህ ማድረጋቸው የታወቀ ነው፣ እኛም ከላይ አንዳንዱን በአንድ መስመር አልፈነዋል፤ አንባቢ መስመሩን አይቶታል። ነገር ግን የጎንደር ሰው ምስጋና ለጌታ የቀረበ ውዳሴ አልነበረም። ያመሰገነው ቤቱ የተቃጠለበት፣ ወንድሙ የተማረከበት፣ በሬው የሞተበት ሰው ነው፤ ያመሰገነውም ስለ እሳቱ ሳይሆን ከእሳቱ ስለ ወጣው ነው። ታቦቱን ይዞ የሮጠው ካህን ስሙ በየትኛውም ዜና መዋዕል የለም። ያለ ጣሪያ ቆሞ ማኅሌት ያደረሰው ደብተራም እንዲሁ። በንጉሥ ቃል የተጻፈ መጽሐፍ እነርሱን አላሰባቸውም፤ ምስጋናው ግን ያሰባቸዋል፣ ስለዚህ ከታሪኩ ልናወጣው አይገባም።

የሳር ውሃ ጦርነት የተደረገበት ጥር 10 አሁንም ከተራ ነው። በዚያ ቀን የጎንደር ታቦታት ከየደብራቸው ወጥተው በካህናቱ ራስ ላይ ሆነው፣ ከበሮውና ጸናጽሉ ፊት ፊታቸው እየሄደ፣ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ ሌሊቱንም በድንኳን ያድራሉ።