የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሸክላዎች

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ገጣሚ፣ ድምፃዊና ማሲንቆ ተጫዋች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1908 በርሊን ላይ የተቀረጹት ዘፈኖቻቸው በሸክላ የታተሙ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ዘፈኖች ናቸው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት የመሩት የይድነቃቸው ተሰማ አባት ናቸው።

የበርሊን ጉዞ

ኢትዮጵያና ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1905 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመው ነበር። ተሰማ ወደ ጀርመን የሄዱት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ የአውቶሞቢል ሙያ ለመማር ነበር። ዘፈኖቻቸው በተቀረጹባት በርሊን፣ ከቀረጻው አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ታላቁ የቫዮሊን ተጫዋች ዮሴፍ ዮአኪም በስተርጅናው ጥቂት ሸክላዎች አስቀርጾ ነበር።

አቀራረጽ

ያኔ ቀረጻ ያለ ማይክሮፎን ነበር። ዘፋኙ ወደ ትልቅ ጡሩምባ አፍ ተጠግቶ ሲዘፍን ድምፁ ስስ ሽፋን ያርገበግባል፤ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘው መርፌ በሰም ላይ ይጭራል። አንዱ የሸክላ ገጽ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ገደማ ብቻ ይይዛል። በድግስ ላይ እንደ አድማጩ ስሜት የሚረዝመው የማሲንቆ ግጥም እዚህ በመርፌው ልክ ማለቅ ነበረበት።

ማሲንቆው በሸክላው ላይ

ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ አለው። ጣት ክሩን ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም፤ ስለዚህ ዜማው እየተንሸራተተ የዘፋኙን ጉሮሮ ይከተላል። ጡሩምባው ወፍራሙንም እጅግ ቀጭኑንም ድምፅ በሚገባ አይሰበስብም፤ ስለሆነም አድማጭ ደጋግሞ ሊሰማው ይገባል፦ አንዴ ለድምፁ፣ አንዴ ለጭራው፣ አንዴ ለግጥሙ።

ዳግም ኅትመት

ዘፈኖቹ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት፣ በፈረንሳዩ የሙዚቃ አሳታሚ በቡዳ ሙዚክ «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 27ኛ ቅጽ ሆነው በሁለት ሲዲ ዳግም ታትመዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ሁለት ጥንቃቄ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ፍጥነት ነው፤ ሸክላ ከሚገባው በላይ ሲሽከረከር ዘፈኑ ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ቅኝቱ ግን አይለወጥም፤ ሁሉም ኖታ እኩል ከፍ ይላልና። ሁለተኛው የሸክላው ጩኸት ነው። የጭራው ሻካራ ድምፅና የአሮጌ ሸክላ ፍጭርጭርታ የሚሰሙት በተቀራራቢ ከፍታ ስለሆነ ሸክላውን እጅግ ያጠራ ማሲንቆውንም ያጠፋል። ስለዚህ ጥቂት ፍጭርጭርታ የተተወለት ቅጂ ይመረጣል፤ የጭራው እውነተኛ ድምፅ ከሱ ጋር ተርፏል።