የበረዶ ነጥብ

የበረዶ ነጥብ ማለት በረዶና አየር የሟሟበት ንጹሕ ውሃ በአንድ የከባቢ አየር ግፊት (101,325 ፓስካል) ሥር ተመጣጥነው አብረው የሚቆዩበት መጠነ ሙቀት ነው። ይህም 0 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም 273.15 ኬልቪን ነው። ቴርሞሜትርን ለመፈተሽ ከሚያገለግሉ ነጥቦች ውስጥ በርካሽ የሚገኘው ይኸው ነው። ከውጭ የሚገባው ሙቀት በረዶውን በማቅለጥ ስለሚያልቅ፣ በረዶ እስካለ ድረስ ድብልቁ ከ0 ዲግሪ ብዙም አይርቅም።

እ.ኤ.አ. በ1742 አንደርስ ሴልሺየስ ባቀረበው ስኬል የውሃ መፍያ 0፣ የበረዶ መቅለጫ ደግሞ 100 ነበር፤ የተገለበጠው በኋላ ነው። ከ1954 ጀምሮ ኬልቪን የተተረጎመው በበረዶ ነጥብ ሳይሆን በውሃ ሦስትዮሽ ነጥብ (0.01 ዲግሪ ሴልሺየስ) ሲሆን፣ ከ2019 ወዲህ ደግሞ በቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር ነው። ለዕለት ተዕለት ፍተሻ ግን የበረዶ ነጥብ አሁንም ይሠራበታል።

ከፍታ

የውሃ መፍያ ነጥብ ከከፍታ ጋር በእጅጉ ይለወጣል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ የፈተነ ተማሪ መሣሪያው የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። የበረዶ ነጥብ ግን በዚያው ከፍታ የሚለወጠው ከ0.003 ዲግሪ ባነሰ ነው።

አዘገጃጀት

ከተነጠረ ውሃ የተሠራ በረዶ በደቃቁ ተፈጭቶ አፈ ሰፊ ፔርሙዝ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ከዚያ የቀዘቀዘ የተነጠረ ውሃ ክፍተቶቹን እስኪሞላ ብቻ ይጨመራል። ከፍሪዘር አሁን የወጣ በረዶ ከ0 በታች፣ ብዙ ጊዜም −18 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ነጭና ደረቅ ከመሰለ ገና አልደረሰም፣ ረጥቦ መስታወት ሲመስል ግን ለሥራ ዝግጁ ነው።

በጣም የተለመደው ስህተት ውሃ ማብዛት ነው። ውሃ እጅግ የሚከብደው 4 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ በረዶው ከላይ ሲንሳፈፍ ሞቅ ያለው ውሃ ከሥር ይተኛል። ጥቂት በረዶ የተጣለበት ብርጭቆ ውሃ ታች ላይ ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢያሳይ አያስገርምም፤ ጥፋቱም የቴርሞሜትሩ አይደለም። ስለዚህ ከሥር የሚጠራቀመው ውሃ እየተቀዳ በረዶ ይተካበታል።

ጨውም ያሳስታል፦ በአንድ ሊትር ውሃ የሟሟ 1 ግራም የገበታ ጨው የመቅለጫውን ነጥብ 0.06 ዲግሪ ያህል ያወርዳል። በረዶውን በባዶ እጅ አለመንካት የሚመከረውም ለዚህ ነው። የቴርሞሜትሩ ዘንግ ከውጭ ሙቀት ስለሚያስገባ በጥልቀት ይጠለቃል፤ ግድግዳውን ሳይነካ ንባቡ እስኪረጋ ይጠበቃል።

ንባቡን መጠቀም

ለምሳሌ ዲኤስ18ቢ20 የተባለው ዲጂታል ሴንሰር (በተማሪዎች ፕሮጀክት ውስጥ የማይጠፋው) በአምራቹ መግለጫ እስከ ±0.5 ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል። በረዶው ውስጥ 0.4 ካነበበ፣ ከየንባቡ 0.4 የሚቀንስ አንድ የኮድ መስመር ዜሮ አካባቢ ያስተካክለዋል። ስህተቱ ከመጠነ ሙቀቱ ጋር እያደገ የሚሄድ ከሆነ ግን የበረዶ ነጥብ ብቻውን ስለማያሳየው፣ ሁለተኛ የታወቀ ነጥብ ያስፈልጋል።