መዳብና ብርሃን በአንድ ገመድ ውስጥ

በዚህ ዓመት በክፍላችን በተደረገው ክርክር «አዲስ ነገር ሲመጣ አሮጌው መጣል አለበት» የሚል ርእስ ቀርቦልን ነበር። አሮጌው ይጣል ብለን የተከራከርነው ወገኖች እንደ ጥሩ ማስረጃ አድርገን ያቀረብነው በባሕር ወለል ላይ የሚዘረጋውን የመልእክት ገመድ ነው። «ዱሮ መልእክት የሚሄደው በመዳብ ነበር፤ ዛሬ ግን እንደ ጠጕር የቀጠነ የመስተዋት ክር ስለ ተተካ መዳቡ ተጥሏል» አልን። ከክርክሩ በኋላ ነገሩን ስንመረምረው ግን መሳሳታችንን ተረዳን። ስለዚህ ታሪኩን ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ልናቀርበው ወደድን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የቴሌግራም ገመድ ከአየርላንድ እስከ ኒውፋውንድላንድ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል ላይ ተዘርግቶ ያለቀው በ1858 ነበር። የገመዱ ልብ መዳብ ነው፤ መዳቡም ውሃ እንዳይነካው ጉታፐርቻ በሚባል የዛፍ ሙጫ ተለብጦ ነበር። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለቡካናን የላኩት የ98 ቃላት መልእክት ተላልፎ እስኪያልቅ 16 ሰዓት ያህል ፈጀ። ቢሆንም ደብዳቤ በመርከብ ብዙ ቀን ይፈጅ ስለ ነበር በሁለቱም አገር ታላቅ ደስታ ሆነ።

ደስታው ግን አልሰነበተም። የኤሌክትሪኩ ሥራ ኀላፊ የነበረው ኋይትሃውስ፣ በሙያው ሐኪም የሆነ ሰው፣ መልእክት ሩቅ እንዲደርስ ኃይሉን ማብዛት ያስፈልጋል ብሎ ያምን ነበር። ዊልያም ቶምሰን የተባለው ሊቅ ግን በጥቂት ኃይል ልኮ በረቂቅ መሣሪያ መቀበል ይሻላል ይል ነበር። ኋይትሃውስ ወደ 2,000 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ለቀቀበት፤ ቀድሞውንም ደካማ የነበረው ልባስ ይህን አልቻለም። ገመዱም በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ጸጥ አለ፤ የብዙ ሰው ገንዘብና ድካም በባሕር ውስጥ ቀረ። ለዘለቄታው የሚያገለግል ገመድ የተገኘው ግሬት ኢስተርን የተባለችው ታላቅ መርከብ በ1866 በዘረጋችው ጊዜ ነው።

ከቴሌግራም በኋላ የሰውን ድምፅ በባሕር ውስጥ ማሳለፍ ሌላ ችግር አመጣ። ድምፅ በረጅም ሽቦ ሲጓዝ እየደከመ ስለሚጠፋ በየመንገዱ የሚያበረታው መሣሪያ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው የአትላንቲክ የስልክ ገመድ በ1956 ሲከፈት ለመሄጃና ለመመለሻ ሁለት ገመዶች ነበሩት፤ በያንዳንዱም ላይ 51 ማበርቻዎች ተሰክተው ነበር። ታዲያ እነዚህ መሣሪያዎች በባሕር ጥልቀት ውስጥ ኃይላቸውን ከየት ያገኛሉ? መልሱ፣ ድምፁን የሚያስተላልፈው ያው መዳብ ከየብስ ኤሌክትሪክ ይዞላቸው ይሄድ ነበር የሚል ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መዳብ መልእክተኛም ስንቅ አቀባይም ሆነ።

በ1966 በሻንግሃይ የተወለደው ሊቅ ቻርልስ ካኦ ከባልደረባው ከጆርጅ ሆክሃም ጋር በእንግሊዝ አገር ባወጣው ጽሑፍ፣ መስተዋት በሚገባ ከጠራ ብርሃን በውስጡ መልእክት ይዞ ብዙ ኪሎ ሜትር ሊጓዝ እንደሚችል አስረዳ። የብርሃን መጥፋት ምክንያቱ በመስተዋቱ ውስጥ ያለው ጕድፍ እንጂ የመስተዋቱ ባሕርይ አይደለም አለ። ከአራት ዓመት በኋላ በአሜሪካ የኮርኒንግ ኩባንያ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ክር ሠሩ። ካኦም በ2009 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በ1988 አሜሪካን ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ያገናኘው የመጀመሪያው የአትላንቲክ የብርሃን ገመድ በአንድ ጊዜ 40,000 የስልክ ንግግር ሊያስተላልፍ ይችል ነበር።

እኛ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ብርሃንም ቢሆን ረጅም መንገድ ሲሄድ ይደክማል፤ በየ60 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ማበርቻ ይፈልጋል። ማበርቻው የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ መስተዋት ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ የዛሬው የባሕር ገመድ ቢቈረጥ በመካከሉ የመስተዋቱ ክሮች፣ በዙሪያቸው ጠንካራ የብረት ሽቦዎች፣ በዚያ ላይ ብዙውን ጊዜ የመዳብ ቧንቧ፣ ከሁሉ በላይ የፕላስቲክ ልባስ ይታያል። በመዳቡ ውስጥ 1 አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ረጅም በሆነው ገመድ ላይ ግን ይህን ለመግፋት እስከ 10,000 ቮልትና ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። የመመለሻ ሽቦም የለውም፤ ወረዳው የሚዘጋው በባሕሩ ውሃና በምድር በኩል ነው። ብዙውን ጊዜ ኃይሉ ከሁለቱም ዳር ስለሚሰጥ አንዱ ወገን ቢጐድል ሌላው ሊመግበው እንዲችል ሆኖ ይሠራል።

እንግዲህ በ1858 ገመዱን የገደለው ከፍተኛ ኃይል ዛሬ በብዙ እጥፍ ጨምሮ ገመዱን በሕይወት ያኖረዋል። ለውጡን ያመጡት የተሻለው ልባስና በልክ መሥራትን ያስተማረው ዕውቀት ናቸው። ከዚያ ውድቀት ሰዎች ተስፋ ቈርጠው ቢሆን ኖሮ የኋላው ሁሉ ባልተገኘም ነበር።

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። አገራችን የባሕር በር ባይኖራትም ከምንልካቸው መልእክቶች ብዙዎቹ በየብስ እስከ ጅቡቲ ተጕዘው በእንደዚህ ያለው ገመድ ባሕር ይሻገራሉ።

በክርክሩ ያሸነፍነው እኛ ነበርን፤ ማስረጃችን ግን ከተቃዋሚዎቻችን ጋር ይቆም ነበር። አዲሱ መልእክቱን ተረከበ፤ አሮጌው ግን ኃይሉን ይሰጠዋል። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ፤ መዳብና መስተዋትም በአንድ ገመድ ውስጥ ተባብረው ውቅያኖስን አቋረጡ። ትምህርታችንን ጨርሰን ስንወጣ ከእኛ በፊት የነበሩትን ከመናቃችን አስቀድሞ ሥራቸውን እንመርምር እንላለን።