ቅዱስ ባስልዮስና የለማኞች ነገር

በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 3 የተጻፈውን ሽባ ሰው፣ ይለምን ዘንድ ዕለት ዕለት ተሸክመው በመቅደስ ደጅ ያስቀምጡት ነበር። የሚመጸውተው አልታጣም፤ የሚያስነሣው ግን ታጣ። ቅዱስ ጴጥሮስ በጌታ ስም እጁን ይዞ ባስነሣው ጊዜ፣ ከደጅ ተቀምጦ የነበረው በእግሩ ሄዶ ወደ መቅደስ ገባ። እንግዲህ ምጽዋት ሁለት ነው፤ አንዱ ለማኙን በልመናው የሚያኖር፣ ሁለተኛው ከልመናው የሚያወጣ።

ይህን ሁለተኛውን በሥራ ከገለጹት አባቶች አንዱ የቂሣርያ ዘቀጰዶቅያው ቅዱስ ባስልዮስ ነው። እንደ አውሮፓውያን ቍጥር በ369 ዓ.ም. ገደማ በአገሩ ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ፣ ገና ቄስ ሳለ፣ የባለጠጎችን ጎተራ በስብከቱ አስከፈተ፤ የተራቡትንም ሰብስቦ የጥራጥሬ ወጥ በምንቸት እያቀረበ አበላ። በ370 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ ከሆነ በኋላ ከከተማው ውጭ ለእንግዳ ማደሪያ፣ ለድኻ መጠጊያ፣ ለሕመምተኛ ሐኪምና አስታማሚ፣ ለእጅ ሥራም ቤት አዘጋጀ። ዘመድ እንኳ የሸሻቸውን ለምጻሞች ተቀብሎ እንደ ወንድም ይስማቸው ነበር። ስለዚህ ሥራ በአገረ ገዥው ፊት የከሰሱት ስለ ነበሩ፣ ለገዥው ለኤልያስ ደብዳቤ ጽፎ መልስ ሰጠ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ግን ያን ስፍራ ከጥንት ነገሥታት ታላላቅ ሕንጻዎች አስበልጦ አመሰገነው።

ነገር ግን ባስልዮስ ሳይመረምሩ መስጠትን አላስተማረም። በእውነት የተቸገረውንና ቍስሉን መነገጃ ያደረገውን ለይቶ የሚያውቅ ታማኝ ሰው ምጽዋቱን እንዲያከፋፍል መከረ። ይህም የሐዋርያት ሥርዓት ነው፤ ሰባቱ ዲያቆናት ለማዕድ አገልግሎት ተሾመው ነበርና።

በኢትዮጵያም የአብነት ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋራ እየታገለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይለምናል። ይህን ልመና ማንም አይነቅፈውም፤ ፍጻሜ አለውና። ዛሬ ቍራሽ የለመነው ነገ መምህር ሆኖ ሌላውን ያስተምራል። የሚያሳዝነው ፍጻሜ የሌለው ልመና ነው፤ አባት በተቀመጠበት ደጅ ልጅ ሲተካ ማየት።

ስለዚህ እያንዳንዱ አጥቢያ በደጁ ያለውን ድኻ በስሙ ይወቀው፤ የታመመውን ወደ ሐኪም፣ ሕፃኑን ወደ ትምህርት ቤት፣ ጉልበት ያለውን ወደ ሥራ ያድርሰው። ጧሪ የሌለውን ሽማግሌና አሮጊት ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ያለ ነቀፋ ይመግባቸው። ጥር 6 ቀን የባስልዮስን በዓል የሚያከብር ሕዝብ፣ በዓሉን በዝማሬ ብቻ ሳይሆን በሥራም ያክብር። ድኻን መግፋት ኀጢአት ነው፤ ሳንቲም ጥሎለት ማለፍም ከዕዳ አያድንም።

የድኾች አባት እግዚአብሔር የሚሰጠውን እጅ ብቻ ሳይሆን የሚያነሣውንም እጅ ያብዛልን፤ አሜን።