ቅቤ በደብዳቤ

በገና ጾም ኬክ ቤት ገብቶ «የጾም አለ?» ብሎ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለንም። መልሱም ያው ነው፤ አለ። ቅቤ የለው፣ ወተት የለው፣ እንቁላል የለው... ከላይ የተቀባው ነጭ ነገር ከምን እንደተሠራ ሠሪውና ፈጣሪ ይወቁት! እንግዲህ የጾም ኬክ ጣጣ ከ500 ዓመት በፊት ጀርመን ውስጥ ተነሥቶ ሮም ድረስ ሄዶ ነበር ብንላችሁስ? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው፣ እንዳንጋጭ።)

ነገሩ የድሬስደን ከተማ የገና ኬክ ነገር ነው። ሽቶለን ይባላል። ስሙ ሽቶ ሽቶ ይበል እንጂ የሚሸተው ቅቤና ዘቢብ ነው። ሞላላ ሆኖ ተጋግሮ፣ ላዩ ላይ ዱቄት ስኳር ተነስንሶበት ይቀርባል። በጨርቅ የተጠቀለለውን ሕፃኑን ኢየሱስ ይመስላል ይላሉ ባለቤቶቹ። እኛን በረዶ የወረደበት ድፎ ነው የሚመስለን።

በከተማዋ ስሙ በጽሑፍ ብቅ የሚለው በ1474 ሲሆን፣ የተገኘውም የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ሂሳብ ላይ ነው። ያኔ ሽቶለን ሙሉ በሙሉ የጾም ምግብ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከገና በፊት ባለው ጾም ቅቤና ወተት ትከለክል ስለነበር ዱቄት፣ አጃ፣ ውኃና የጎመንዘር ዘይት ብቻ ይገባበታል። ጣዕሙን ገምቱት። ጣልያኖቹ የወይራ ዘይት በደጃቸው አለ፤ ጾሙ ብዙም አይከብዳቸውም። ወይራ በማይበቅልበት በሳክሶኒ ብርድ ግን ያለው ቅቤ ነው፤ እሱ ደግሞ ክልክል።

ስለዚህ የሳክሶኒው መስፍን ኤርንስትና ወንድሙ አልብሬኽት «ቅቤ ይፈቀድልን» ብለው ለሮም አመለከቱ። ቢሮክራሲ የዛሬ ነገር እንዳይመስላችሁ! ፈቃዱ የመጣው በ1491 ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 8ኛ ነው፤ ኤርንስት ከሞተ 5 ዓመት ሆኖታል። «የቅቤ ደብዳቤ» እየተባለ የሚጠራው ይኸው ነው። ፈቃዱም በነፃ አይደለም፤ ቅቤ የሚበላ ይከፍላል፣ ገንዘቡም ፍራይበርግ ለሚሠራው ቤተ ክርስቲያን ይውላል። ማርቲን ሉተር በ1520 ለጀርመን መኳንንት በጻፈው ጽሑፍ ሮምን ከወቀሰባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ቅቤ የመብላት መብት መሸጧ ነበር። ድሬስደን በ1539 ፕሮቴስታንት ስትሆን ክፍያውም ክልከላውም ቀረ፤ ኬኩም እንደልቡ ወፈረ።

እንዴት እንደወፈረ ለማየት 1730 ላይ ቆም እንበል። ኃያሉ አውግስጦስ የሚባለው ንጉሥ ዛይትሃይን ላይ ለእንግዶቹ ታላቅ የጦር ትርኢት አሳየና በመጨረሻው 1.8 ቶን ገደማ የሚመዝን ሽቶለን አስጋገረ። ምድጃው ለብቻው ተሠራ፤ ኬኩን የጎተቱት 8 ፈረሶች ናቸው፤ የተቆረሰውም 1.6 ሜትር በሚሆን ቢላ ነው። ወሩ ደግሞ ሰኔ! ገና የለ፣ ምን የለ። ሰውየው ጉልበቱን ለማሳየት ነበር የፈለገው።

የኛን ልብ የነካው ግን የሶሻሊዝሙ ዘመን ነው። ከጦርነቱ በኋላ ድሬስደን በምሥራቅ ጀርመን በኩል ቀረች። ዘቢብና አልሞንድ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። (እዚህ ላይ የሚገባው ይገባዋል።) በስኳር የሚዘፈዘፈው የሎሚ ልጣጭ ሲጠፋ ፋብሪካዎቹ ጥሬ አረንጓዴ ቲማቲም በስኳር አዘጋጅተው ምትክ አደረጉት፤ ካሮትም ተሞክሯል። ምዕራብ ያሉት ዘመዶች ዘቢቡንና አልሞንዱን በፖስታ ይልካሉ፤ ምሥራቆቹ ጋግረው ሽቶለኑን መልሰው ይልካሉ። ድንበሩ ሰውን ሲያግድ ኬኩ ይመላለስ ነበር ማለት ነው። ከአሜሪካና ከአረብ አገር ዕቃ ሲላክለት በርበሬና ሽሮ የሚልክ ቤተሰብ ያለው ሰው ይኼ አይጠፋውም።

ግንቡ በ1989 ፈረሰ፣ አገሩም በ1990 አንድ ሆነ። ያኔ የመጣው ፍርሃት ሌላ ነው፤ ስሙን ማንም ፋብሪካ እንዳይወስደው። ዳቦ ጋጋሪዎቹ በ1991 ማኅበር አቋቋሙ። በደንባቸው ለ100 ኪሎ ዱቄት ቢያንስ 50 ኪሎ ቅቤና 65 ኪሎ ዘቢብ ይገባል፤ ማርጋሪን ክልክል ነው። በ1994 የንጉሡን ግዙፍ ሽቶለን በየዓመቱ የሚቆረስ የታኅሣሥ በዓል አድርገው አስነሡት፤ ቢላውም በአምሳያው ተሠራ። በ2010 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት «የድሬስደን ሽቶለን» የሚለውን ስም ከድሬስደንና ከአካባቢዋ ውጪ ለሚጋገር ከለከለ። እያንዳንዱ ኬክ ቁጥር ያለው ማኅተም ይለጠፍበታል፤ ማን እንደጋገረው በቁጥሩ ይታወቃል።

አሁን የጀርመን ወጣቶች በአንድ ጉርሻ የሚያልቅ ሽቶለን ይበላሉ፤ የፒስታሽዮውም የቸኮላቱም አለ። ቅቤም ወተትም የሌለው ሽቶለን በየሱፐርማርኬቱ ይሸጣል። ከ1491 በፊት የነበረው ሰው በግድ ይበላው የነበረ መሆኑ ነው፤ ዛሬ በፍላጎት ይገዛል። የድሬስደኑን ማኅተም ግን አያገኝም፤ ቅቤ የለውማ!